ሳይጠሩት «አቤት» የሚለው ፓኬጅ

ሊኑክስ አዲስ በተጫነ ማግስት ኤረር ሲያሳይ በእኛ ዲፓርትመንት የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርግና እንደገና ጫነው።» ከዊንዶውስ ጋር ስንኖር የለመድነው መድኃኒት ስለሆነ ለሁሉም በሽታ እናዝዘዋለን። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ሁሉም በትክክል ተጭኗል። ያላዘዝነው፣ ስሙንም ሰምተን የማናውቀው አንድ ፓኬጅ ከሌሎቹ ጋር ገብቶ የታዘዘውን ሥራ እየሠራ ነው፤ ኤረሩም የመጣው ከዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን ሃያ ጊዜ ብንጭነው ሃያ ጊዜ ያው ኤረር ይመጣል፤ ፓኬጁም ሃያ ጊዜ አብሮ ይመጣልና።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። የማንፈልገው ፓኬጅ አብሮን መምጣቱ ብዙም አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ሳይጠራ ተነስቶ የሌላውን ዕቃ መያዙና ሲይዝም ስሙን አለመናገሩ ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ዓይነት ሰው በየቤቱ አለ አይደል? ያ ሰው ቢያንስ ድምፁ ይሰማል። የእኛዎቹ ፓኬጆች «አቤት» የሚሉት በሹክሹክታ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ይሆናል? በአገሬ በሽንፋ የሆነውን ላስረዳ። ለማታውቋት፣ ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ሲወረድ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ስሟን የምትጋራው ወንዝ ድንበሩን ሲሻገር ራሃድ ይባላል። አካባቢው የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ሰሊጥ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ መጋዘን ውስጥ ይሞቅና ይሻግታል። ኤሌክትሮኒክስ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ይህን አይቶ አንድ ነገር አሰበ። በትንሽ የአርዱዊኖ ቦርድ ላይ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ገጥሞ መጋዘን ውስጥ ሊያስቀምጥና በየሰዓቱ የለካውን ሊመዘግብ። ቦርዱ ዋናው የጣልያኑ አይደለም፤ ሁላችንም ከላብ የምናውቀው ርካሹ የቻይና ቅጂ ነው። ላፕቶፑም ያገለገለ ነው። ኡቡንቱ 22.04ን ከፍላሽ ጫንንበት፤ ያለ አንዳች እንከን አለቀ።

ቦርዱን ስንሰካው መብራቱ በራ። ፕሮግራሙ ግን «ፖርት የለም» አለ። ነቅለን ስንሰካው ፖርቱ ለአፍታ ብቅ ይልና ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ማንን እንደሚጠረጥር የታወቀ ነው። መጀመሪያ ኬብሉን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ስንቱን አሞኝቷል! ከዚያ ቦርዱን፣ ከዚያ የፈቃድ ጉዳይን፣ በመጨረሻም ሙቀቱን። በሽንፋ ሙቀቱን መጠርጠር አያስነውርም፤ በሚያዝያ ላፕቶፕ ጭን ላይ አይቀመጥም። ኬብል ተቀየረ፣ ቦርድ ተቀየረ፣ ያው ነው። ልጁ ቦርዱን ወስዶ የጎረቤት ዊንዶውስ ላይ ሰካው። ሠራ! «በቃ፣ ሊኑክስ አይሠራም» ብሎ ፈረደ። በእሱ ቦታ ሆኜ ሳስበው ፍርዱ ትክክል ነው፤ ፊቱ ያለው ማስረጃ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር።

እውነቱ የተገኘው ከርነሉ የሚጽፈውን መዝገብ ከፍተን መስመር በመስመር ስናነብ ነው። ከርነሉ ቦርዱን አውቆታል፣ ድራይቨር ሰጥቶታል፣ ፖርትም ከፍቶለታል። በሚቀጥለው መስመር ግን አንድ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ ዕቃውን ሲረከብ ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ ቦርዱ ከፖርቱ መለየቱን የሚናገር መስመር አለ። የተረካቢው ስም ቢ-አር-ኤል-ቲ-ቲ-ዋይ ይባላል። ስድስት የላቲን ፊደላት ተደርድረው ቃል የማይወጣቸው! ምን እንደሚሠራ ከስሙ ማን ይገምታል?

ይህ ፕሮግራም ዓይነ ስውራን በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በብሬል መሣሪያ፣ በጣታቸው እንዲያነቡ የሚያደርግ ነው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ሲሠራ የኖረ፣ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። በኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ በዲፎልት ይገባል። ታዲያ ከሰሊጥ መጋዘን ጋር ምን አገናኘው?

ያገናኘው አንድ ቺፕ ነው። ማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ ሁለት ቁጥሮች ይናገራል፤ አንዱ የአምራቹ፣ አንዱ የዕቃው። በርካሾቹ ቦርዶቻችን ላይ ያለው ሲኤች340 የተባለው ቺፕ የሚናገረው ግን የቦርዱን ማንነት ሳይሆን የራሱን የቺፑን ነው። ቺፑ ርካሽ ስለሆነ ሺህ ዓይነት ዕቃ ውስጥ ገብቷል። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ የብሬል ማንበቢያ ነው፤ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው የዓይነ ስውራን አገልግሎት ለአንባቢዎቹ ከሚያውሳቸው መሣሪያዎች መካከል የሚገኝ። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች ያንን መሣሪያ ለማገልገል ሲሉ ቁጥሩን በዝርዝራቸው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ያለበት ነገር በተሰካ ቁጥር ፕሮግራሙ ይነሳና «የእኔ ሰው መጣ» ብሎ ዕቃውን ይይዘዋል። ዋሽንግተን ላለ አንባቢ የታሰበ ደግነት ሽንፋ ላይ ፖርት አጠፋ ማለት ነው። በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ተመሳሳዩ አቤቱታ በኡቡንቱ የችግር መዝገብ ላይ ከየአገሩ ቀርቧል።

ፓኬጁን ለማውጣት አንድ ትእዛዝ በቃ። ቦርዱ ወዲያው ሠራ። የእኔ ጭንቀት ግን ከዚያ በፊት ባለፉት ሁለት ቀናት ላይ ነው።

መስመር ባለበት ከተማ የሚኖር ተማሪ መልእክቱን ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፤ ከሱ በፊት የተሰቃዩ ሰዎች መልሱን ጽፈውለታል፤ አምስት ደቂቃ ቢወስድበት ነው። መስመር በሌለበት ግን መልእክቱ ራሱ ብቸኛው አስተማሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ይህን የክልሉ ተማሪ ሁሉ በራሱ ላይ አይቶታል፤ ለቆላው ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። እንዲህ ባለ ቦታ «ፖርት የለም» የሚል መልእክት ውሸት ነው ማለት ይቻላል። ፖርቱ ነበረ፤ ተወሰደ። «ፖርቱን እገሌ ይዞታል» ቢል ኖሮ የአክስቴ ልጅ እኔን አይጠብቅም ነበር። እኔ ባልኖርስ? ቦርዱ ወደ መሳቢያ፣ ላፕቶፑም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ቫይረስ ወደ ሰበሰበው የተሰረቀ ዊንዶውስ ይመለስ ነበር። አንድ ልጅ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ አንድ ነገር ሲተው መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ ፓኬጆቹን የሚመርጡት ሰዎች ይህን ኪሳራ በጭራሽ አያዩትም።

ይህን ታሪክ ዶርም ውስጥ ስናወራ የተሰጠኝ መልስ «እንግዲያው አላስፈላጊውን ሁሉ አውጥቶ መጣል ነው፤ ባዶውን ጭኖ የሚፈልጉትን ብቻ መጨመር» የሚል ነበር። በጓደኞቼ ዘንድ ይህ የጀግና አሠራር ተደርጎ ይታያል። እኔ አልስማማም። ምክንያቱም «አላስፈላጊ» የሚለው ቃል ባለቤት አለው። ለማን ነው የማያስፈልገው?

እስቲ አቢሲኒካ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት እናንሳ። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ በዲፎልት ከሚጭናቸው ፎንቶች መካከል ለብዙ ዓመታት የቆየ ነው። ለአንድ የስዊድን ሰው ከዚህ የበለጠ አላስፈላጊ ፓኬጅ ሊኖር አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት «ሀ» ሳያይ ይሞታል። ለእኛ ግን አዲስ በተጫነ ማሽን ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ የተላከልንን የአማርኛ ጽሑፍ ስንከፍት ባዶ ሳጥን ሳይሆን ፊደል እንድናይ ያደረገን እንዲህ ያለ ፎንት ነው። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን መከራ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው መክፈት ሲያቅተው፣ መምህራኖቻችን ያስታውሱታል። እንግዲህ የስዊድኑ ሰው «የማልፈልገው ይውጣልኝ» ብሎ ቢያሸንፍ የምንጎዳው እኛ ነን።

የብሬሉም ነገር ከዚህ የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የብሬል ፕሮግራሙን ራሱ ፈልጎ ይጫን ማለት፣ ለማንበብ የሚያስችለውን ነገር ለማግኘት አስቀድሞ ያንብብ ማለት ነው። ለእሱ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ፣ ገና ሥርዓቱ ሲጫን፣ ዝግጁ መሆን አለበት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ፤ ብዙዎቹም በሕግና በቋንቋ ትምህርት ክፍሎች ናቸው። ወደ እኛ ዲፓርትመንት ለምን እንደማይመጡ ጠይቀን እናውቃለን? ስለዚህ ፓኬጁ በላብ ማሽኖች ላይ ይውጣ የሚለውን ሐሳብ፣ የዓይነ ስውራን ጉዳይ ካልተጠየቀ በቀር፣ አልደግፍም። ከአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያወጣሁት የሱ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ፎንቱ እስኪጠራ ድረስ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ጥቂት ሜጋባይት ይበላል፤ ይብላ። የማንንም ፖርት አይነካም። የብሬሉ ፕሮግራም ግን በቁጥር ብቻ ተነስቶ፣ ያውም የብዙ ሺህ ዕቃዎች የጋራ በሆነ ቁጥር፣ የሰውን ዕቃ ይይዛል። ቁጥሩ አንድ መሣሪያን ብቻ የሚለይ ቢሆን ወዲያው መያዙ ተገቢ ነበር። የጋራ ቁጥር ሲሆን ግን ከመያዙ በፊት የብሬል ተጠቃሚ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ ሊኖረው፣ ከያዘ ደግሞ መያዙን ተጠቃሚው በሚያይበት ቦታ ሊናገር ይገባዋል። ሎጉ ውስጥ ስሙ ተጽፏል እኮ የሚል ይኖራል። አዎ ተጽፏል፤ በሺህ መስመሮች መካከል፣ ማንበብ ለሚያውቅ ብቻ።

ስም መናገር ምን ያህል እንደሚያድን አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። ኡቡንቱ ከ16.04 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያዎችን በራሱ የሚያወርድና የሚጭን ሰርቪስ በዲፎልት ያበራል። በሐሳብ ደረጃ መልካም ነው። መስመሩ ቀጭን በሆነበት አካባቢ ግን አዲስ ማሽን ተከፍቶ ኢንተርኔት እንዳገኘ ይህ ሰርቪስ ማውረድ ይጀምራል፤ ተማሪው በበኩሉ ተርሚናል ከፍቶ የመጀመሪያውን ፕሮግራሙን ሊጭን ሲል ቁልፉ ተይዟል ይባላል። በድሮዎቹ እትሞች መልእክቱ «ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም፤ ሌላ ፕሮሰስ እየተጠቀመበት ይሆን?» የሚል ነበር። ጥያቄውን መልሶ ለኛው! ስንት ሰው ነው «የቁልፉን ፋይል ደምስሰው» የሚል ምክር ከጓደኛ ሰምቶ፣ ሰርቪሱ በመጫን ላይ እያለ ደምስሶት፣ የፓኬጆቹን መዝገብ ያበላሸው? ያኔ በእርግጥም እንደገና መጫን ግድ ይሆናል። በ20.04 ላይ ግን መልእክቱ ተቀየረ፤ ቁልፉን የያዘውን ፕሮሰስ ቁጥሩንና ስሙን ጠቅሶ ይነግራል። ሰርቪሱ አልተወገደም፣ ጠባዩም ያው ነው፤ ኔትወርክ ሲያገኝ አሁንም ቁልፉን ይይዛል። የተጨመረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ተማሪውም እስኪጨርስ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

የሰርቨሩ እትምም የኔትወርክ ኬብል ሳይሰካ ሲነሳ ኔትወርክ እስኪዘጋጅ እስከ 2 ደቂቃ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ያበሳጫል። ግን ምን እንደሚጠብቅ ስክሪኑ ላይ ጽፎ ሰኮንዱን ይቆጥራል፤ ቢያንስ የሚሰደበው ይታወቃል።

ሌላም ልጨምር። ሞደም ማናጀር የሚባለው ሰርቪስ በድሮ እትሞቹ አዲስ የተሰካን ሲሪያል ዕቃ ሁሉ «አንተ ሞደም ነህ?» እያለ ይጎነትል ነበር፤ ቦርዱ ላይ ፕሮግራም ስንጭን የሚያቋርጠን አንዱ እሱ ነው። በኋለኞቹ እትሞች ጥንቃቄ ጨምሯል። የአውሮፓ ተማሪዎች አላስፈላጊ ብለው የመጀመሪያ ሥራቸው እሱን ማውጣት ነበር። እኛ አገር ግን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ዶንግል በነበረበት ዘመን ላፕቶፑን ከዓለም ጋር የሚያገናኘው እሱ ነበር። አሁንም ዶንግል የሚጠቀም አለ። አውጥቶት ኢንተርኔት ጠፋብኝ የሚል ሰው መልሶ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ይህ ወጥመድ አይደለም ትላላችሁ?

ስርጭቶቹን የሚያዘጋጁት ሰዎች ነገሩን አላዩትም አይባልም። ኡቡንቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሁሉም ነገር በአንድ ሲዲ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልኩም ነበር። ሲዲው 700 ሜጋባይት ስለሆነ እያንዳንዱ ፓኬጅ ለቦታው ተሟግቶ ነው የሚገባው። በ12.10 እትም ያ ወሰን ታለፈ፤ 22.04 ከ3 ጊጋባይት በላይ ነው። በ23.10 ላይ ደግሞ አነስተኛውን ጭነት ዲፎልት አደረጉት። ደስ ይላል፤ ግን ምን ቀነሱ? የቢሮ ፕሮግራሞችን፣ ጨዋታዎችን፣ የኢሜይል ፕሮግራሙን። እስቲ ንገሩኝ፣ በጨዋታ ምክንያት ፖርት የጠፋበት ሰው አለ? የሚታየው ፓኬጅ ቦታ ይይዛል እንጂ አያደናግርም። የሚያደናግረው ሜኑ ላይ የማይታየው፣ ከጀርባ ቆሞ ዕቃ የሚጠብቀው ነው። ክብደት መቀነስና ግራ መጋባትን መቀነስ ለየቅል ናቸው።

ከዲፓርትመንታችን የምጠብቀው ብዙ አይደለም። በኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ላይ ፕሮሰስና ሜሞሪ እንማራለን፤ ጥሩ ነው። ሎግ ማንበብ ግን በአንድ የላብ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልተማርንም። አዲስ የተጫነ ማሽን ላይ ምን ምን ሰርቪስ እየሠራ እንዳለ ማየት፣ ዕቃ ሲሰካ ከርነሉ የሚጽፈውን እያዩ መከታተል፣ አንድ ፋይል በየትኛው ፓኬጅ እንደመጣ መጠየቅ። ሦስቱም ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃሉ። ለእረፍት ወደየአገራችን ስንበተን ከፍላሹ ጋር የምንይዘው እውቀት ይህ ነው። አንዳንዶቻችን የምንመለሰው መስመር ወዳለበት ነው፤ አንዳንዶቻችን ግን ወደ ሽንፋ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ጠገዴ ነው የምንገባው፤ እዚያም «ኮምፒውተር የሚማረው ልጅ መጣ» ተብሎ ሰው ይሰበሰባል።

ለተማሪዎቹ ደግሞ፣ ኤረር ሲያጋጥማችሁ ለአዘጋጆቹ ጻፉ። በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚያስፈራ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ጻፉ። እነሱ «ተጠቃሚው ኢንተርኔት ላይ ይፈልገዋል» ብለው የሚያስቡት ኢንተርኔት የሌለው ተጠቃሚ ጽፎላቸው ስለማያውቅ ይመስለኛል። በእርግጥ ኢንተርኔት የሌለው ሰው በምን ይጽፍላቸዋል? እኛ ግን ግቢ ስንመለስ መስመር እናገኛለን፤ የነሱን ልንጽፍላቸው እንችላለን።

ለዚህ እንዲረዳ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ላብ ረዳቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ መምህራችንም ፈቅደዋል። በአንድ በኩል የታየው ኤረር፣ በሌላው በኩል ያመጣው ፓኬጅ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ ፓኬጁ ለማን እንደሚጠቅም ይጻፍበታል። ሦስተኛው መስመር እንዳይዘለል አደራ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሲኤች340ን ጉዳይ ጽፌያለሁ፤ ሁለተኛው ላይ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ሞደም ማናጀር ጽፏል። የቀረው ባዶ ነው፤ እስክሪብቶው በክር ታስሯል።